የጋሽ ቢያድግልኝ የመጨረሻ ምዕራፍ፦ ከአዳማ እስከ ደብረ ኤልያስ

ከደብረ ኤልያስ ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ብርዱ ነው። አዳማ የኖረ ሰው ሌላ ምን ይጠይቃል! እኔም «አዎ፣ ይበርዳል» እላለሁ፤ ወሬውም እዚያው ላይ ያበቃል። የሄድኩት ግን ብርድ ልቀምስ አልነበረም። ዓይናቸው ለደከመ አንድ ሰው መጽሐፍ ላነብ ነው። ያነበብኩላቸውን፣ የተጣላንበትን፣ መንገድ ላይ ያበሉኝንና ያለበሱኝን ሰዎች ጭምር ሳልረሳው ልጻፈው።

ሰውየው ጋሽ ቢያድግልኝ ናቸው። የዛሬ ልጆች ስማቸውን ላያውቁት ይችላሉ። በእኛ ወጣትነት ግን ልብ ወለዳቸው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሽፋኑ ይገነጠል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ፒያሳ ካለ አንድ ዳቦ ቤት በላይ በነበረች ክፍል፣ እሳቸውና ሁለት እኩዮቻቸው ለእኛ ለጀማሪዎቹ ይቀመጡልን ነበር። ጋሽ ታፈረ ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ፤ «ሰውዬህን አታናግረው፤ ዝም ብለህ ጠብቀው፣ ሲቸግረው ራሱ ይናገራል» ይላሉ። እትዬ ንግሥት ገጣሚ ነበሩ፤ ግጥም ይዞ የመጣውን ሁሉ «ቤት መምታትማ በር መምታት ነው፤ ውስጥ የሚከፍት ሰው አለ ወይ?» ብለው ያፋጥጡታል። ጋሽ ቢያድግልኝ ብዙ አይናገሩም። ጽሑፋችንን ተቀብለው ራሳቸው ያነቡልናል፤ ድምፃቸውን ሳያስጌጡ፣ የቀበሌ ማስታወቂያ እንደሚያነብ ሰው። እንደዚያ ሲነበብ ደካማው ዓረፍተ ነገር ራሱን ያጋልጣል። ከዚያ ቀና ይሉና «ይሄን ቦታ በጣም ወደድሽው አይደል?» ይላሉ። «አዎ» ካልሽ አለቀልሽ። «እንግዲያው ንቀዪው። አረምም ያብባል።»

ጋሽ ታፈረም እትዬ ንግሥትም ዐርፈዋል። ዳቦ ቤቱም ፈርሷል። ጋሽ ቢያድግልኝ ጡረታ ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ትሩፋት ጋር ወደ ተወለዱበት ደብረ ኤልያስ ገቡ። ወይዘሮ ትሩፋት እዚያው አረፉ፤ የእሳቸውም ዓይን ቀስ በቀስ ከዳቸው።

በኅዳር መጀመሪያ ልጃቸው ትሁን ደወለችልኝ። «እትዬ አሰገዱ፣ አባባ መጽሐፋቸውን ጨርሰዋል። እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ነኝ የጻፍኩት። አሳታሚው እየጠበቀ ነው። እሳቸው ግን አንድ ሰው አንብቦልኝ ካልሰማሁት አይወጣም አሉ።»

«አንቺ አታነቢላቸውም?»

«የመጨረሻው ምዕራፍ ስለ እማዬ ነው። ጀመርኩት፤ አልቻልኩም።»

መንገዱ ደህና ነው የተባለበትን ሳምንት ጠብቄ ተነሣሁ።

ማክሰኞ

ከአዲስ አበባ በማለዳ ተሳፈርን። በየኬላው ወርደን እየተፈተሽን ጎሃ ጽዮን ደረስንና ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ወረድን። በረሃው ውስጥ ስንገባ ሙቀቱ ፊቴን ሲመታኝ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ልብሱን እያወለቀ ሲያማርር እኔ ብቻ ደስ ብሎኝ ተቀምጫለሁ። ደስታዬ ግን ድልድዩን ተሻግረን ሽቅብ እስክንወጣ ነበር። ደጀን ላይ በር ሲከፈት የገባው ነፋስ አጥንቴን ነካኝ። ከአዳማ የያዝኳት ስስ ሹራብ እዚያ አገር እንደ ነጠላ እንኳ አትቆጠርም።

ሉማሜ ስንገባ ሞተሩ ጮኸና አውቶቡሱ ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ ሲያይ ቺንጋው፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ተበጥሷል። «ከማርቆስ እስኪመጣ ነው» አለ፤ መቼ እንደሚመጣ ግን ሊነግረን አልደፈረም። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ሁሉም ባጃጅ ጠርቶ ይበተናል። እዚህ ግን ተሳፋሪው እንደ ሠርገኛ ተያይዞ ሻይ ቤት ገባ።

እኔ የገባሁበት ሻይ ቤት ባለቤት ወይዘሮ እንዬ የሚባሉ፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሴት ናቸው። ጥርሴ ሲንገጫገጭ አይተው ሻዩን ሳላዘው አመጡልኝ።

«ምነው እታለም፣ ከወዴት ነሽ?»

«ከአዳማ።»

«ይብላኝልሽ!» አሉ፣ ከጦር ሜዳ መጣሁ እንዳልኳቸው ሁሉ። ወደ ጓዳ ገብተው ወፍራም ጋቢ አመጡና ጫኑብኝ። «ወዴት ነው መንገዱ?»

«ደብረ ኤልያስ። አንድ ደራሲ ልጠይቅ።»

«ኧረ! ደራሲ ታሞ ነው?»

«አይ፣ መጽሐፍ ላነብላቸው ነው።»

ወይዘሮ እንዬ ይሄን ነገር አላመኑኝም። ለጎረቤቱ ሁሉ «ይቺ ሴትዮ ከአዳማ ድረስ መጽሐፍ ልታነብ መጣች!» እያሉ አስተዋወቁኝ። አንድ ቤት ሙሉ ሰው እንደ ጉድ እያየኝ የአጃ ቂጣ በቆጮ ማር በላሁ፤ ቆጮ ማር የሚሉት ከነሰፈፉ ያለውን ነው። ቺንጋው ደርሶ ስንነሣ ጋቢውን ልመልስ ብል እምቢ አሉ። «ስትመለሺ ጣይልኝ። ካልተመለስሽም ይቅር፣ ከጋቢው የአንቺ ብርድ ይበልጣል።»

ደብረ ማርቆስ የገባነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ያደርኩበት ሆቴል እንግዳ ተቀባይ «ሙቅ ውሃ አለን» ብላኝ ነበር። ቧንቧውን ከፍቼ ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ፤ የሚመጣው በረዶ ነው። ወርጄ ስነግራት ምንም ሳትደነግጥ «ሙቅ ውሃማ አለ፣ ወጥ ቤት» አለችኝና በባልዲ አስመጣችልኝ። አዳማ ላይ በአንድ አንሶላ ተኝቼ ይሞቀኛል፤ እዚያ በሁለት ብርድ ልብስና በወይዘሮ እንዬ ጋቢ ተጠቅልዬም እግሬ ሳይሞቅልኝ ነጋ።

ረቡዕ

ወደ ደብረ ኤልያስ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ ጠዋቱን መናኸሪያ ጨረስኩ። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ግራ ቀኙ ግን ጤፍ ደርሶ ቢጫ ሆኗል፣ አንዳንዱ ማሳ ታጭዶ ተከምሯል። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ቄስ፣ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር «እግዚኦ» ይላሉ፤ ከጉድጓዱ ሲወጣ ያቋረጡትን ጨዋታ ከዚያው ይቀጥላሉ።

ትሁን መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀችኝ። አስተማሪ ናት፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ የአባቷን ግንባር የያዘች። ጋሽ ቢያድግልኝ ከቤቱ ጀርባ ባለ ብሳና ሥር፣ ፊታቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ተቀምጠዋል። አንድ ጊዜ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ መሐረብ ደረት ኪሳቸው ከትተው አያቸው የነበሩት ሰው እዚያ ጋቢ ውስጥ ትንሽ ሆኑብኝ።

«አሰገዱ ናት?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሽዬ።»

እጄን ይዘው ብዙ ቆዩ። «ድምፅሽ አላረጀም» አሉ። «መልክሽን እንኳ እንደ ድሮው ነው የማየው፤ ዓይኔ ከመጥፋቱ ያተረፍኩት ይሄን ነው።»

የጾም ቀን ስለሆነ ምሳችን ሽሮና የድንች ወጥ ነበር። ድንቹ እኛ ገበያ ከሚመጣው ጋር አንድ ዘር አይመስልም፤ አፍ ውስጥ ይፈርሳል። እየበላን የድሮውን አነሣን። ጋሽ ታፈረ ልምምድ ላይ ተዋናዩን «ይህን ቃል እናትህ ትለዋለች?» እያሉ እንዴት እንደሚያስጨንቁት። እትዬ ንግሥት አንዲት መስመር ስላልሞላችላቸው ታክሲ ውስጥ እንደተቀመጡ ቤታቸውን አልፈው እንጦጦ ሥር እንደደረሱ። ከታች የሚመጣው የትኩስ ዳቦ ሽታ እንዴት እንደሚያስርበን፣ ማናችንም ግን ወርደን ለመብላት እንደማንደፍር።

«ለምን ነበር የማትበሉት?» አሉኝ።

«እናንተ እያወራችሁ ማን ይነሣል?»

«እኛ ደግሞ እናንተ ትነሣላችሁ ብለን ነው የምንጠብቀው። ተርበን ሞተን ነበር።»

እንዲህ እየሳቅን ቆየንና ንባቡን ጀመርን። እሳቸው ድሮ እንደሚያነቡልን አድርጌ፣ ድምፄን ሳላስጌጥ። ታሪኩ የራሳቸው ነው፤ የቅኔ ትምህርቱን ትቶ ከተማ ስለገባ አንድ ሰው። እውነቴን ነው፣ ድሮ ከጻፉት ሁሉ ይበልጣል። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ሰዎቹ ሲናገሩ ይሰማሉ። አንዳንድ ቦታ ላይ እጃቸውን ያነሣሉ፤ አቆማለሁ። «ያቺን ‹በጣም› አውጫት» ይላሉ። አወጣለሁ። መጽሐፉ ቀጭን ስለሆነ ጀምበር ስትጠልቅ ከመጨረሻው ምዕራፍ በስተቀር ሁሉንም ጨረስን።

«የቀረውን ነገ» አሉ። «ለሱ ማለዳ ይሻላል።»

ሐሙስ

በማለዳ ቁርስ ሳንቀምስ ተቀመጥን። ትሁን ቤት ውስጥ ቀረች።

ምዕራፉ ረጅም ነው። ትሩፋት እንዴት እንደኖረችና እንዴት እንዳለፈች ይተርካል። ገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ትሩፋት ጨረቃ ናት፣ ትሩፋት የንጋት ጤዛ ናት፣ ፈገግታዋ ማሳ ያበስላል፣ እንባዋ ዕንቁ ነው። አልጋ ላይ ስትተኛ መላእክት ይከቧታል። አንድ ጊዜ እንኳ አፏን ከፍታ አትናገርም። እኔ የማውቃት ትሩፋት፣ ዳቦ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆማ «ቢያድግልኝ! ዛሬም እራት ቀዝቅዞ ነው የምትበላው!» ብላ የምትጮኸው ሴት፣ የለችም። ሽንገላ እንኳ አይደለም፤ ሐዘን ነው። ሰውየው ከሐዘኑ ብዛት ሚስቱን በአበባ ቀብሯታል።

አንብቤ ጨረስኩ።

«እህ?» አሉ።

ምን ልበል? ሰውየው ሸምግለዋል። ዓይናቸው የለም። ሌላ መጽሐፍ አይጽፉም። «ግሩም ነው» ብዬ፣ እጃቸውን ስሜ ወደ አገሬ ብመለስ ማን ይጠይቀኛል? ቢታተም የሚያዝን እንጂ የሚስቅ የለም። በሌላ በኩል ደግሞ ከአዳማ ድረስ ያስጠሩኝ «ግሩም ነው» እንድል አይደለም፤ ያንን የሚል ሰው ደብረ ኤልያስም አይጠፋም።

«ጋሽዬ፣ እትዬ ትሩፋት እዚህ ውስጥ የለችም» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። «ምን ማለትሽ ነው?»

«ጨረቃዋ አለች፣ ጤዛው አለ። እሷ የለችም። የቀረው መጽሐፍ በሕይወት ያለ ነው፤ ይሄኛው ምዕራፍ ግን...»

«ጨርሺው!»

«ይነቀል።»

በትራቸውን ጨብጠው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ባል ቀብረሽ ታውቂያለሽ?»

«ቀብሬያለሁ፣ ጋሽዬ።»

ይህን አያውቁም ነበር፤ አልነገርኳቸውም። ተነሥተው ግድግዳውን እየዳሰሱ ወደ ቤት ገቡ። ምሳ ቀርቦ ትሁን ብትጠራቸው «አልራበኝም» አሉ። እርጎው ሳይነካ ቀረ። እኔም አልዋጥልሽ አለኝ። በሰው ቤት ተቀምጬ ባለቤቱን ጾም ያዋልኩ ሰው ሆንኩ።

ትሁን ግን አልተቆጣችኝም። «ይነሡ፣ ገበያ እንውጣ» አለችኝ። በበርበሬና በጌሾ ሻጮች መካከል ስንሄድ እንዲህ አለች፦ «እኔ ማንበብ ያቃተኝ ምዕራፉ ስላሳዘነኝ እንዳይመስልዎት። እማዬን ፈልጌ ስላጣኋት ነው። እማዬ እኮ ኃይለኛ ነበረች። አባባ ሲጽፉ ሌላ ነገር ስለማይሰሙ፣ አጨዳ በደረሰ ጊዜ እስኪርቢቷቸውን ገብስ ጎተራ ውስጥ ትደብቅባቸው ነበር።»

«ለምን አልነገርሻቸውም?»

«እኔ ልጃቸው ነኝ። እንዴት ብዬ?»

ስንመለስ ጋሽ ቢያድግልኝ የኔታ ጋር ተቀምጠዋል። የኔታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ጎረቤትም፣ የልጅነት ጓደኛም። ጠላ ቀርቦላቸዋል። ጋሽ ቢያድግልኝ አቤቱታቸውን ያሰሙ ነበር ማለት ነው፤ የኔታ እንዳዩኝ «ከሳሽሽ እዚህ ናቸው» አሉኝ። ከዚያ ወደ ወዳጃቸው ዞሩ። «እስቲ ያን የጻፍከውን ትንሽ አሰማኝ።»

ጋሽ ቢያድግልኝ የጤዛውን ቦታ በቃላቸው አሉት። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና ጢማቸውን ዳበሱ።

«ሰም አብዝተሃል፣ ቢያዱ። እንዲህ ወፍራም ሰም ተደርጎማ ወርቁ መች ይፈስሳል?»

«ወርቁ እሷ ናት» አሉ ጋሽ ቢያድግልኝ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ።

«እሱማ እኔም ዐውቃለሁ፤ ልጄን ክርስትና ያነሣችልኝ ሴት ናት። የማያውቃት ሰው ግን ከየት ያገኛታል?»

ጋሽ ቢያድግልኝ ጠላቸውን አነሡ። የኔታም አላስጨነቋቸውም፤ ጨዋታውን ወደ አዝመራው መለሱት። ሲሄዱ እኔን በሩ ድረስ ሸኚኝ ብለው፣ «አይዞሽ፣ ልጄ። እኔ ዘንድ ቅኔው የተመለሰበት ተማሪ መጀመሪያ ያኮርፋል። የሚመጣ ከሆነ በማግስቱ ይመጣለታል» አሉኝ።

ዓርብ

ጠዋት ስነሣ ጋሽ ቢያድግልኝ ቤት የሉም። ትሁን ቤተ ክርስቲያን አድርሳቸው መመለሷ ነበር። እኔ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። በቁጣቸው እንደቆዩ ብንለያይ ዳግም ላላገኛቸው እንደምችል እያሰብኩ ጋቢውን ሦስት ጊዜ አጣጠፍኩት።

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ብሳናው ሥር ተቀመጡና ጠሩኝ። «ወረቀት ያዢ። ያንን ሁሉ አውጪውና በቦታው ይሄን ጻፊ።»

ጻፍኩ። ቀስ ብለው፣ በመካከሉ እየቆሙ፣ እንዲህ አሉ፦

«ትሩፋት የሞተች ቀን ጠዋት አልጋዋ አጠገብ ቆሜ ነበር። መናገር ካቆመች ሁለት ቀን ሆኗታል። ዓይኗን ገለጠችና ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ‹ሸሚዝህን አዛንፈህ ቆልፈሃል› አለችኝ። ፈትቼ እንደገና ቆለፍኩ። ቀና ስል የለችም። ከዚያ ወዲህ አዛንፌ ቆልፌ እንደሁ የሚነግረኝ ሰው የለም።»

የመጨረሻውን ቃል ጻፍኩ።

«አንብቢልኝ» አሉ። ሞከርኩ፤ ድምፄ ከዳኝ። ድሮ ሳያስጌጡ ማንበብን ያስተማሩኝ ሰው ፊት እንደ ልጅ ተንሰቀሰቅሁ። ትሁን ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና አንድም ጊዜ ሳትደናቀፍ አነበበችው። ስትጨርስ «እማዬ ናት» አለች። «ይቺ እማዬ ናት።»

ጋሽ ቢያድግልኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀመጠች። እኔ ወደ ቤት ገባሁ።

ምሳ ላይ ሁለት እንጀራ በሉ። ከሰዓት በኋላ ትሁን ሚኒባሱ ድረስ ሸኘችኝ፤ የእሳቸው ስንብት ግንባሬን መሳም ብቻ ነበር።

ቅዳሜ

ማርቆስ አድሬ በማለዳ ተሳፈርኩ። ሉማሜ ላይ ሹፌሩን ለምኜ አስቆምኩና ጋቢውን ይዤ ሮጥኩ። ወይዘሮ እንዬ ገበያ ወርደው ኖሮ አላገኘኋቸውም፤ ለእህታቸው ሰጠሁ። እህትየዋ «ያቺ መጽሐፍ የምታነቢዋ ነሽ?» አለችኝና የተቆላ ሽምብራ በፌስታል አስያዘችኝ።

ደጀን ለምሳ ቆምን። ከፊታችን ሸለቆው፣ ከሸለቆው ማዶ የእኔ ሙቀት አለ። ሽሮ አዝዤ ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። ትሁን መሰለችኝ፤ ጋሽ ቢያድግልኝ ራሳቸው ናቸው።

«አሰገዱ፣ የት ደርሰሻል?»

«ደጀን ነኝ፣ ጋሽዬ።»

«አንድ ቃል ስቻለሁ። ‹አለችኝ› ብዬሻለሁ አይደል? አይደለም። ‹ብላ ሳቀችብኝ› ነው።» ትንፋሻቸው ይሰማኛል። «ስቃለች፣ አሰገዱ። ትናንት ትሁን ስታነበው እንደገና ሰማሁት። እንዴት ረሳሁት? የመጨረሻዋ ነገር ሳቅ ነበር።»

ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰው ይንጫጫል፤ ሹፌሩ ፍጠኑ እያለ ነው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

«ይሄስ?» አሉኝ። «ይሄም ይነቀል?»

«አይ፣ ጋሽዬ» አልኳቸው። «ይሄ ይቆይ።»